ባንድ ዓይን

ከባብ አል ባሕሬን ጀርባ፣ ከወርቅ ሰሪዎች መንደር፣
ፀሐይ በወረፋ ከምትገባበት ቀጭን ሰርጥ ዳር፣
የቫልጂባይ ሱቅ አለ፤ ክፈፍ ያበጃል፣ መስታወት ይቆርጣል፤
እኔ አቧራ እጠርጋለሁ፣ እሱ ቆሞ ሙጫ ያፈላል።
"ቤን" ይለኛል፤ "እህቴ" ማለት ነው በአገሩ፣
ዘርትሁን የሚለው ስሜ አልገባ ብሎት ከከንፈሩ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጨርቅ መጣ ተጠቅልሎ፤
እንደ ሕፃን ታቅፎት አንድ ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብሎ።
"የአያቴ ነው" አለ፤ "ከናትድዋራ በመርከብ የመጣ፣
ዕንቁ በሚለቀምበት ዘመን፣ ነዳጁ ገና ሳይወጣ።"

ቫልጂባይ ጫማውን አወለቀ። እኔም አወለቅሁ።
ይህንስ ማን ያስተምረኛል? ከደብራችን ይዤው መጣሁ።

ተዘረጋ።

መሐል ላይ እሱ ቆሟል፤ ሊዘንብ ጥቂት የቀረው
የሐምሌ ሰማይ ነው መልኩ፤ ግራ እጁን ሽቅብ የሰቀለው።
"ሽሪናትጂ" አለ ሽማግሌው፣ ለራሱ እንደሚናገር።
ተራራ አንስቷል አሉኝ በትንሿ ጣቱ፣ ያን ሁሉ አፈር፣
ከብትና ሰው ከዶፉ እንዲጠለል ከሥር።
ሰዓሊው ዝናቡን ነጥብ በነጥብ በነጭ ዘርቶታል፤
ዘንድሮ እዚህ ደሴት የዘነበው ይኸው ነው፣ ጨርቅ ላይ ይታያል።
ዓይኖቹ ሁለት፣ ሰፋፊ፣ ወደ ታች የሚያዩ ናቸው፤
"ኧረ እነዚህን ዓይኖች የት ነው የማውቃቸው?"
እስቴ፣ አባቴ ለሚካኤል እንዲህ ነበር የሚስላቸው።

ከግራ ከቀኝ ግን ሴቶች ቆመዋል፣ ወተት የሚያልቡ፣
ሁሉም በጎን፣ ሁሉም ባንድ ዓይን፣ አበባ ይዘው ሲቀርቡ።
ላሞቹም እንደዚያው።

በኛ ቤት ባንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው?
ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ጅራፍ የያዘው ወታደር ነው።
አባቴ ብሩሹን ሲያስይዘኝ፣ ገና በስምንት ዓመቴ፣
"ለመልመጃ" ይለኝ ነበር፤ "የጻድቃንን ዓይን አትንኪ እቴ፣
የኩነኔዎቹን ጨርሺ፤ ብትሳሳቺ አይከፋቸውም።"
ስለዚህ እጄ የሚያውቀው እነሱን ነው፤ ሌላ አልለመደም።

ጥግ ካሉት ሴቶች የአንዷን ዓይን በልቶታል ወበቁ፤
የባሕሩ እርጥበት ቅርፊት ቅርፊት አድርጎ ልጦታል ከጨርቁ።
የቫልጂባይ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ስኳር፣ ዕድሜ፣ ምናምን።
"ቤን፣ አባቴ ሰዓሊ ነው ብለሽ አልነበር? እስቲ ሙዪልን።"

ላማትብ? አላማትብ?
ሦስት ጠጉር ያለው ብሩሽ ጥቁር ውስጥ ተነክሮ ቆመ፤
ሌላው እጄ ግንባሬ ሳይደርስ መንገድ ላይ ከረመ።

ከዚያ ሴትየዋ ወዴት እንደዞረች አየሁ።
ሌላው ዓይኗ አልጠፋም፤ ከዚያ ማዶ ነው፣ እሱ ዘንድ፤
ለኛ የደረሰን ትርፉ ነው፣ የተረፈው አንድ።

ሳልኩት። የይሁዳን ዓይን፣ በዚያው ጭረት፣ በዚያው ስባት፣
ከአፍንጫዋ ሥር ጀምሬ ወደ ጆሮዋ ሳብኩና ነጥብ ጣልኩባት።
ልዩነቱ ነጥቧ ላይ ነው፤ አባቴ ወደ ብሩ ያዞራታል፣
እኔ ወደ ተራራው።

ሽማግሌው አላመሰገነኝም። ቀረብ ብሎ አየ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣
ግማሽ ዲናር አኖረልኝና ጨርቁን እቅፉ አደረገ።

ማታ፣ ወደ ሙሐረቅ በሚሻገረው አውቶቡስ መስኮት
ፊቴ በጎን ታየኝ፣ ባንድ ዓይን፤ ከበስተጀርባው የድልድዩ መብራት።
አባቴ ደወለ። "ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"
"ዓይን።"
"የማንን?"
ዝም አልኩ። ድልድዩ አለቀ።
"የምታይ ሴት" አልኩት።
ሳል ያዘው፤ ወይ ሳቀ።